ሦስት መቶ ዓመት የማይረጥብ መሬት

ትሩዲ ኖስኬ ከምትኖርበት ከተማ ከአደላይድ ተነስታ ግማሽ ቀን ነድታ፣ ኩላንታ ገጠር ያለው አባቷ ግቢ ስትገባ፣ የአባቷ የመጀመሪያ ቃል «ጫማ ይዘሻል?» የሚል ነበር።

«ሰላም አባዬ። እኔ ደህና ነኝ። መንገዱም ደህና ነበር።»

«ደህና መሆንሽንማ በዓይኔ እያየሁት ነው። የመስክ ጫማ ነው የጠየቅኩሽ።»

ይዛለች። የሥራ ጫማዋ ከመኪናዋ ወርዶ አያውቅም። ትሩዲ የከርሰ ምድር ውሃ አጥኚ ናት፤ እንጀራዋ በሰው መሬት ላይ እየዞረች ውሃው የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ ለባለመሬቱ መንገር ነው። ባለመሬቱ ብዙውን ጊዜ የምትለውን አይወደውም፤ እሷም መወደድ አለብኝ ብላ አታውቅም። አባቷ ክሌም ግን እስከ ዛሬ «የኔን መሬት እይልኝ» ብሏት አያውቅም ነበር። ባለፈው እሑድ በስልክ ሲጠይቃት መጀመሪያ እሺ አስብሏት፣ ምክንያቱን የነገራት ከዚያ በኋላ ነው። በግ ሲሸጥም እንደዚሁ ነው፤ እጅ ካስመታ በኋላ ነው ስለ ጥርሱ የሚናገረው።

ምክንያቱ ይህ ነው። መንግሥት መሬት ይፈልጋል። ከየሆስፒታሉና ከየላቦራቶሪው የተሰበሰበ ጨረር ያለበት ቆሻሻ፣ ማለት ጓንቱ፣ ጋዋኑ፣ ጠርሙሱ፣ ያረጀው የጭስ መጠቆሚያ ሳይቀር፣ በበርሜል ታሽጎ በየከተማው ምድር ቤት ተከማችቷል። ከባዱ ቆሻሻ አይደለም፤ ቀላሉ ነው። ቀላሉ ደግሞ ጥልቅ ጉድጓድ አይፈልግም። በሲሚንቶ ተከቦ ከመሬት በታች ጥቂት ሜትር ይቀበራል፣ አፈር ይለብሳል፣ ከዚያ ኃይሉ እስኪሞት ሦስት መቶ ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የሚፈለገው ሜዳ የሆነ፣ ጎርፍ የማያውቀው፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ሩቅ የሆነ ደረቅ መሬት ነው። እንዲህ ያለ መሬት አለኝ፣ እሰጣለሁ የሚል በገዛ ፈቃዱ ያመልክት ተባለ። ማመልከቻው ዓርብ ከሰዓት ይዘጋል። ዕለቱ ረቡዕ ነው።

«በኩላንታ ምድር እንደ ጀርባ ማሳዬ ያለ ደረቅ መሬት የለም፣» አለ ክሌም ሻንጣዋን እየተቀበለ። «አያቴ ውሃ ሲፈልግ አርባ ሜትር ወርዶ ነው ያገኘው። ያገኘውንም በግ አልጠጣለትም፤ ጨው ነው። ሽማግሌው እስኪሞት ሲሳደብ ኖረ። ይኸው ያ ስድብ ለኛ በረከት ሊሆነን ነው።»

«አያትህ የቆፈረው መቼ ነው?»

«አባቴ ሳይወለድ።»

«ከዚያ ወዲህ ማን ለካው?»

«አርባ ሜትር የት ይሄዳል ብለሽ ነው?»

ትሩዲ አርባ ሜትር ብዙ ቦታ እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ግን ገና ሻይ አልጠጣችም።

ሻዩን ከጭስ ቋሊማና ከኮመጠጠ ዱባ ጋር አቀረበላት። ዳቦው ከሱቅ የመጣ ለስላሳ ዳቦ ነው፤ ክሌም «የእሺ ዳቦ» ይለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኩላንታ ለሁለት ተከፍላለች። ግማሹ፣ ቆሻሻው ይምጣ፣ ሥራ ይምጣ፣ ትምህርት ቤታችን አይዘጋ ይላል። ግማሹ እንቢ ይላል። ዳቦ ጋጋሪው የእሺ ሰው ስለሆነ የእንቢ ሰዎች ዳቦ ቤቱን ትተው በየቤታቸው መጋገር ጀምረዋል፤ አብዛኞቹ አይችሉበትም። በፋሲካ ሰሞን ትልቅ ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ነጮች ሳይመጡ ጀምሮ የምድሩ የጥንት ባለቤቶች ከሆኑት ወገን አንዲት ሴትዮ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዘው መጥተው፣ «መሬቱ የማን እንደሆነ ሳትጠይቁ ደረቅ መሆኑን ትጠይቃላችሁ፣» ብለው ተቀመጡ። ሰብሳቢው አመስግኖ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ትሩዲ ይህን በስልክ ስትሰማ፣ ከስብሰባው ሁሉ ቁም ነገር የተናገሩ እሳቸው ብቻ ናቸው ብላ ነበር።

«የዴስን ቆርቆሮ አየሽው?» አላት አባቷ አሁን።

እንዴት አታየው። ከዋናው መንገድ መታጠፊያ ላይ፣ በር የሚያክል ቆርቆሮ በሰማያዊ ቀለም ተጽፎበት ተሰቅሏል፦ «ክሌም ኖስኬ! ለልጅ ልጆቻችን ምን ትላቸዋለህ?»

«ስምህን ነው የጻፈው።»

«ስሜስ ግድ የለም። ቀለሙ ግን የኔ ነው። ለጋጣ በር ብሎ አምና የተዋሰኝ።»

ዴስ ፔንግሊ ጎረቤት ነው። ጎረቤት ማለት ያንሳል፤ የክሌም ሚዜ ነው፣ የትሩዲ እናት ስትሞትም የሬሳ ሣጥኑን ከፊት የተሸከመ እሱ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ቀድሞ ስንዴውን ያጨደ ኮምባይነሩን አዙሮ ሌላኛው ማሳ ላይ ይገባ ነበር፤ ማንም ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ከፋሲካው ስብሰባ ወዲህ ግን ቃል አልተለዋወጡም። የተገናኙ እንደሆነ ክሌም ሰማይ ያያል፣ ዴስ ጫማውን ያያል።

«ናፍቆሃል እንዴ?» አለች ትሩዲ።

«ማን?»

«ተወው። ነገ ማለዳ እንለካለን።»

በማግስቱ ማለዳ በፒካፑ ወደ ጀርባ ማሳው ወጡ። የቅድመ አያቷ ጉድጓድ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ነው፤ የንፋስ ፓምፑ ጭንቅላቱን ነፋስ ወስዶት እግሮቹ ብቻ ቆመዋል። ትሩዲ የጉድጓዱን ክዳን አንስታ፣ ከሥሩ ክፍት የሆነ የብረት ዋንጫ የታሰረበትን ሜትሯን ወደ ታች ለቀቀችው። ዋንጫው ውሃ ሲነካ ቡሽ ከጠርሙስ ሲነቀል የሚሰማውን ድምፅ ያሰማል። ከዚህ የተሻለ ብዙ ማሽን አለ፤ ትሩዲ ግን ጆሮዋን ታምናለች።

ክሌም እጁን አጣጥፎ፣ ሽልማት እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል።

ድምፁ ቶሎ ተሰማ።

ትሩዲ ሜትሩን ሳብ፣ ለቀቅ አደረገችው። ያው ድምፅ፣ ያው ቦታ።

«አሥራ አራት፣» አለች።

«ተጣብቆብሽ ነው።»

«አልተጣበቀም።»

«የቧንቧው ግድግዳ መትቶት ይሆናል።»

«ድምፁን ሰምተሃል አባዬ።»

«እስኪ አምጪው።» ራሱ ለቀቀው። ራሱ ሰማው። ሜትሩን አገላብጦ፣ የሚወቅሰው ነገር አጥቶ መለሰላት። «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር፣» አለ።

«የአንድ ዓመት ዝናብ አይደለም። ይሄ ማሳ ድሮ ምን ነበር?»

«ማሊ ነበር፤ ሰው የማያሳልፍ ጫካ።» ማሊ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ የሚያወጣ ድንክ ባሕር ዛፍ ነው። «አያቴ በመጥረቢያ ጀመረው። አባቴ በሁለት ትራክተር መሃል ሰንሰለት እየጎተተ ጨረሰው። የመጨረሻውን ጥግ እኔ ነኝ የመነጠርኩት፤ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ጎበዝ ገበሬ ተብዬ ጋዜጣ ላይ ወጥቻለሁ።»

«ያ ዛፍ የዘነበውን ሁሉ፣ ክረምት ከበጋ ይጠጣ ነበር። ስንዴ ግማሽ ዓመት ይጠጣና ይታጨዳል። የተረፈው ውሃ የት የሚሄድ ይመስልሃል?»

«ወደ ታች።»

«ወደ ታች ሄዶ ከታች ያለውን ወደ ላይ ያነሳዋል። ጨውንም ይዞት ይመጣል።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የኖስኬዎች ውሃ ማሳሳቅ እንኳን አላስፈለገውም፤ ሦስት ትውልድ ሙሉ በጎበዝነታቸው ሲመነጥሩ፣ እሱ ከሥር ዝም ብሎ ሽቅብ ሲመጣ ኖረ።

ክሌም ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። «አሥራ አራትም ይሁን። እነሱ የሚቆፍሩት ጥቂት ሜትር ነው። ይበቃል።»

«ለዛሬ ይበቃል። የጠየቁህ ለሦስት መቶ ዓመት ነው። ይሄ ደግሞ ከፍ ያለው ቦታ ነው፤ ወደ ጥጉ ስትወርድ ይብሳል።»

«ጥጉማ ደህና ነው!» አለ፣ ክስ እንደተነሳለት ሰው ድምፁ ደመቅ ብሎ። «ጨው ቢኖር አጥሩ ይናገር አልነበረም? ጨው በነካው መሬት የብረት ችካል ከአፈር በላይ ባለው አንገቱ ላይ ተበልቶ ይወድቃል። የኔ ችካል ጀርባዬን በሐኪም ሳልቀደድ በፊት የተከልኩት ነው። ነይ ልታዪ።»

የኩላንታ ገበሬ በአጥር ላይ ሕግ አለው። ሁለት ጎረቤቶች አጥሩ መሃል ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ በስተቀኙ ያለው ግማሽ የራሱ ነው። ያቆመዋል፣ ይጠግነዋል፣ ይከብርበታል ወይም ያፍርበታል። አጥሩ የወደቀበትን ሰው «አጥርህ ወደቀ» አይሉትም፤ ሚስትህ ሄደች የማለት ያህል ነው። ዝቅ ወዳለው ጥግ የሚወርደው ግማሽ የክሌም ነው።

አጥሩ በእርግጥም እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ክሌም ከፒካፑ ሳይወርድ በመስኮት እጁን ዘርግቶ አሳያት። «አየሽ?»

ትሩዲ ወርዳ አየች። ችካሎቹ ጫፍ ላይ የፋብሪካው ነጭ ቀለም ገና አልደበዘዘም። ከአጥሩ ወዲያ፣ በዴስ በኩል፣ ቁጥቋጦ ሥር የተከመረ ነገር አለ፤ ዝገው አንገታቸው ላይ የተበጠሱ አሮጌ ችካሎች። መሬቱ ላይ ደግሞ ስንዴው ሳስቶ፣ በመሃል በመሃሉ ቀላ ያለ ሥጋማ ቅጠል ያለው አረም በቅሏል። አንድ ቅጠል ቀጥፋ አኘከች። ጨው።

«አጥሩን በእግርህ ሄደህ ያየኸው መቼ ነው?»

«ከመኪና አየዋለሁ። ጀርባዬን ታውቂው የለ።»

ትሩዲ ያላረጋገጠችውን አትናገርም። «አንተ ሂድ፣ እኔ በእግሬ እመጣለሁ፣» አለችውና በሽቦዎቹ መሃል ሾልካ ወደ ዴስ ፔንግሊ ቤት ተሻገረች።

ዴስ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከዳቦ ጋር እየታገለ ነበር። ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ዴስ በአንድ እጁ ይዞት በሌላው በመጋዝ እየቆረጠው ነው።

«ትሩዲ! ግቢ፣ ግቢ። ጠላት ቤት መምጣትሽን አባትሽ ያውቃል?»

«አጎቴ ዴስ፣ ይሄን ዳቦ ለማን ነው የጋገርከው?»

«ለራሴ ነዋ።»

«ምን በድለህ ነው ራስህን እንዲህ የምትቀጣው?»

ዴስ ሳቀና ወንበር ሳበላት። አንድ ቁራሽ ሰጣት፤ በሻይ ነክራም አልለሰለሰላትም። በጉንጯ እያገላበጠች ጠበቀችውና ድንገት፣ «የአባቴን አጥር የሚያድሰው ማነው?» አለችው።

ዴስ መጋዙን አየ። «የትኛውን አጥር?»

«ዓይንህን በጨው አጥበህ አትጠይቀኝ። ጥጉ ላይ ያለውን። የተበጠሱት ችካሎች አንተ በኩል ነው የተከመሩት።»

«በጎቼ እየወጡ አስቸገሩኛ።»

«በጎችህ አባቴ ጥግ ላይ ምን ሊበሉ? አሁን ቀምሼ መጣሁ፤ የሚበላ ነገር የለም።»

ዴስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲቀመጥ ወንበሩ ያለቅሳል። «አባትሽ ጀርባውን ከተቀደደ በኋላ ነው፣» አለ። «ጥጉ ላይ ሦስት አራቱ ዘመም ብለው አየሁ። ይሄ ሰው አሁን ተነስቶ ችካል ልምታ ይላል፣ ይሰበራል ብዬ፣ እሱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ቀየርኳቸው። ጥቂት ዓመት ቆይተው ደግሞ ተበሉ። ደግሞ ቀየርኩ። ከዚያ ተለመደ።»

«ጨው መሆኑን አውቀሃል ማለት ነው።»

«ልጅት፣ እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም?»

«ምን ብዬ? ‹ክሌም፣ አጥርህ ወድቋል› ብዬ?» እንዲህ ያለ ነገር በማሰቧ እሱ አፈረላት። «ለሰው እንዲህ ይባላል?»

«በር በሚያክል ቆርቆሮ ላይ ስሙን ጽፈህ መንገድ ላይ ሰቅለሃል!»

«ያ ፖለቲካ ነው። አጥር ሌላ ነው።»

ትሩዲ ቁራሹን አስቀመጠች። ትዕግሥት ከተፈጥሮዋ አይደለም፤ አሁን ደግሞ ያለቻትም አለቀች። «ስብሰባው ላይ ተነስተህ ‹ጥጉ ጨው ነው፣ ችካል አይቆምበትም› ብትል ኖሮ እኮ ነገሩ ያኔውኑ ያበቃ ነበር። አገር ባልተጣላ። አንተም ይሄን ባልበላህ።»

«ተነስቼ ነበር፣» አለ ዴስ። «ልናገር ተነስቼ ነበር። ክሌም ከፊት ተቀምጧል፣ የሠርጉን ኮት ለብሶ፣ ከጀርባው ትራስ አድርጎ። በሰው ሁሉ ፊት ‹የዚህን ሰው አጥር የማቆምለት እኔ ነኝ› ልበል? አፌ እንቢ አለኝ። ከቆምኩ አይቀር ስለ ልጅ ልጆች ተናገርኩ።»

«የልጅ ልጅ የለህም።»

«ለዚህ ነው የቀለለኝ።»

ሳታስበው ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገና ዱቄት ነው አለ። ስትወጣ በር ላይ፣ «ግን ለምን እንዲህ አጥብቆ ፈለገው?» አለችው። «ለትምህርት ቤቱ ነው ይላል።»

«ያ ለስብሰባ የሚባል ነው።»

«እውነተኛው ምንድነው ታዲያ?»

«እሱን ጠይቂው። ያ ነገር ደግሞ በኔ በኩል ያለ አጥር አይደለም።»

ቤት ስትደርስ ክሌም ምሳ አቅርቦ፣ የተሞላውን ማመልከቻ ከጎኑ አስቀምጦ ይጠብቃታል። የበግ ጎድን ጠብሷል፣ ቀይ ሥር ቀቅሏል፤ እንደ ልማዱ ለሦስት ሰው የሚበቃ። ትሩዲ ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረችው፤ ውሃውን፣ ጨውን፣ ችካሎቹን፣ ዴስን። ማለሳለስ አታውቅበትም፤ አላለሳለሰችም።



«የትኞቹን ችካሎች ነው ያደሳቸው?» አለ ክሌም።

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም?»

«አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትሆን።»

ክሌም ሹካውን አስቀመጠ። ጆሮው ቀላ። በመስኮቱ ወደ ጀርባ ማሳው አቅጣጫ አየ፤ ከዚያ የሚታይ አጥር የለም፣ ግን አየ። «ዴስ እሑድ ከሰዓት ሁልጊዜ ጀርባዬን ያመኛል ይለኝ ነበር፣» አለ። «ስቄበታለሁ። ‹የማይጸልይ ሰው ጀርባ እንዲህ ነው› ብዬዋለሁ።»

ትሩዲ አሁን ተቀመጠች።

«ቢሆንም ላስገባው እችላለሁ፣» አለ ማመልከቻውን በጣቱ ገፋ አድርጎ። «ራሳቸው ይምጡ፣ ይቆፍሩ፣ ይለኩ። አይሆንም ካሉም እነሱ ይበሉ።»

«ይላሉ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሲቆፍሩ ቆይተው ያንኑ ይሉሃል። እስከዚያ ግን ከተማው ተጣልቶ ይቆያል፣ ዴስም ዳቦ መጋገሩን ይቀጥላል። ቀምሼዋለሁ፤ ከበርሜሉ እሱ ይብሳል።»

አልሳቀም። ያኔ ነው ነገሩ ሌላ መሆኑ የገባት። አባቷ በአፈርና በውሃ ሲረታ ይነጫነጫል፣ ይከራከራል፣ ያሾፋል። እንዲህ አንገቱን አይደፋም።

«አባዬ፣ ምንድነው? ትምህርት ቤት እንዳትለኝ።»

ክሌም ከማመልከቻው ሥር መንግሥት የላከውን ባለ ቀለም መግለጫ አወጣ። ገጹ ከመነካካት ብዛት ለስልሷል። ፎቶግራፍ አለበት፤ ቢጫ ቆብ ያደረገች ወጣት ሴት ጉድጓድ አፍ ላይ ተንበርክካ ውሃ እየለካች ትስቃለች። ትሩዲ ውሃ ስትለካ ስቃ አታውቅም። ከፎቶው ሥር፣ ቦታው ከተመረጠ በኋላ የከርሰ ምድር ውሃውን ያለማቋረጥ የሚከታተል ባለሙያ እዚያው ኖሮ እንደሚሠራ ተጽፏል።

«አንቺ ውሃ ትለኪያለሽ፣» አለ ክሌም።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ንዴቱ እስኪያልፍ ጎድኑን አየችው፣ ቀይ ሥሩን አየችው፣ ሦስተኛውን ሰው የሚያጠግበውን ትርፍ ምግብ አየችው።

«የአገር ቆሻሻ ልትቀብር የነበረው» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ እሑድ እሑድ ምሳ እንድበላልህ ነው?»

«ቆሻሻው የሆነ ቦታ መቀበሩ አይቀርም። አንቺም የሆነ ቦታ መኖርሽ አይቀርም። ሁለቱን ላገናኝ ብዬ ነው።»

«ሰው እኮ ደውሎ ‹ነይ› ይላል! ስልክ አለ!»

«ብልሽ ትመጪ ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። ሌላ ልጅ ትዋሽ ነበር፤ ሽማግሌውን አቅፋ፣ አልቅሳ፣ በማግስቱ የምትረሳውን ቃል ትሰጠው ነበር። ትሩዲ የሌለ ውሃ አለ ብላ አታውቅም።

«አልመጣም፣» አለች። «ሥራዬ እዚያ ነው። ኑሮዬም እዚያ ነው። ወድጄው ነው።»

«እኮ፣» አለ ክሌም። የተከፋ አይመስልም፤ የለካው ልክ እንደሆነ የተነገረው ሰው ይመስላል። «እኮ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ብላት አትመጣም፤ ሥራ ይጥራት እንጂ።» ከዚያ ሳህኗን ወደሷ ገፋላት። «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

በላች። ሁለተኛም ጨመረላት፣ ያንንም በላች።

ዓርብ ማለዳ ክሌም ባርኔጣውን አድርጎ ፒካፑ ውስጥ ገብቶ ጠበቃት። ማመልከቻው ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። «አንቺ ንጂ፣» አላት። የት እንደሚሄዱ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ዴስ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ክሌም እየተንፏቀቀ ወረደ። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ቆሙ፤ አንዱ ሰማይ እያየ፣ አንዱ ጫማውን።

«ከጥጉ ሁለተኛው ችካል ጠሟል፣» አለ ክሌም።

«የቱ?»

«ሁለተኛው አልኩህ።»

«ቀጥ ያለ ነው። ጀርባህ ነው የጠመመው።»

«የችካል ነገር አታውቅም፤ ድሮም አታውቅም።»

«አዎ፣ አላውቅም፣» አለ ዴስ። «ሻይ ጥጃለሁ።»

ገቡ። ዴስ የዕለቱን ዳቦ አቀረበ። ክሌም አንድ ቁራሽ አነሳ፤ ትሩዲ ልታስቆመው ፈልጋ ነበር። አኘከው። ሌላ ቁራሽ ጠየቀ። እስከ መጨረሻው ፍርፋሪ በላው፣ እንባ እስኪያቀርር እየታገለ፤ ስለ አጥሩ ያቀረበው ምስጋና ያ ነበር፣ ዴስም ገብቶታል።

«አላስገባም፣» አለ ክሌም አፉን እየጠረገ።

«ምነው?»

«እርጥብ ነው።»

«ኧረ?» አለ ዴስ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ይህን ዛሬ ገና እንደሚሰማ ሰው። «የጀርባ ማሳው? ማን ያስብ ነበር!»

«ልጄ ለካችው።»

«ማን ያስብ ነበር፣» አለ ዴስ በድጋሚ፣ ትሩዲን ሳያይ። ከዚያ፣ «ቆሻሻውስ ታዲያ?» አላት።

«ሌላ ቦታ ይፈለግለታል። የሚሆን መሬት አለ፤ እኔ ራሴ አውቃለሁ። መጀመሪያ አለቱን መጠየቅ፣ ቀጥሎ የጥንት ባለቤቶቹን መጠየቅ። እነሱ ግን የጀመሩት ማን መሬቱን መስጠት ይፈልጋል ከሚለው ነው። ፈቃደኛ ሰው ማለት ደረቅ መሬት ማለት አይደለም።»

«ፈቃደኛ ሰው ማለት የሆነ ነገር የጎደለው ሰው ነው፣» አለ ዴስ፣ ክሌምን እያየ። ክሌም ሻዩን ጠጣ።

ሲመለሱ ትሩዲ ፒካፑን ጥጉ ላይ አቆመችው። ሞተሩን አጠፋች። ያሰበችውን ሌሊቱን አስባ ጨርሳለች፤ መናገር ብቻ ነው የቀራት፣ እሱ ደግሞ ከመለካት ይከብዳታል።

«ስማኝ፣» አለች። «ይሄ ውሃ በራሱ አይቆምም። ዝም ካልነው በሃያ ዓመት ውስጥ ጥጉ ሐይቅ ይሆናል፣ ከዚያ የዴስንም ይበላዋል። እዚህ ጨው የሚችል ቁጥቋጦ ይተከላል፤ ከላይ ያለው ከፍታ ላይ ማሊ ይመለሳል።»

«የመነጠርኩትን መልሼ ልትከል?»

«አዎ። ጋዜጣ ላይ አትወጣም። እና ውሃው መለካት አለበት፤ ካልተለካ ዛፉ ይሥራ አይሥራ አይታወቅም። በየሦስት ወሩ።»

ክሌም በጣም ቀስ ብሎ ዞሮ አያት። «ማነው የሚለካው?»

«የሚያውቅበት ሰው።»

«ውድ ነው፣ የሚያውቅበት ሰው?»

«ባሕርይዋ አስቸጋሪ ነው እንጂ ውድ አይደለችም። ሥራ ነው ታዲያ። ለምሳ አይደለም የምትመጣው።»

«ምሳ የማይበላ ባለሙያ አላየሁም።»

«አባዬ።»

«እሺ፣ እሺ። ሥራ ነው።» በመስኮቱ የሳሳውን ስንዴ፣ ቀዩን አረም፣ ቀጥ ብለው የቆሙትን ችካሎች ሁሉ በየተራ አያቸው። ሲያስብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «አንድ ጉድጓድ ለመለካት ምን ያህል ይፈጃል?» አላት።

«ሩብ ሰዓት።»

«ለዚህ ማሳ ስንት ጉድጓድ ያስፈልጋል?»

«ሦስት ይበቃል።»

«ሃያ ብንቆፍርስ?»

ትሩዲ ሞተሩን አስነሳች። «አምስት፣» አለች። «ከአምስት አንድ አልጨምርም።»

«አምስት፣» አለ ክሌም፣ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ። «ግን ራቅ ራቅ እናድርጋቸው።»